ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲጠብቁ የኖሩት ባልና ሚስት ለወላጆች የተዉት ታሪክ

ስለ ልጅ አስተዳደግ የተጻፉትን መጻሕፍት ስንመለከት ከጸሐፊዎቹ የሚበዙት ሐኪሞች ወይም አስተማሪዎች ሆነው እናገኛቸዋለን። የሚጽፉትም ልጁ ከተወለደ በኋላ ስላለው ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ጡቱና ስለ ወተቱ፥ ስለ እንቅልፉ፥ ስለ ንጽሕናውና ስለ ትምህርቱ ነው። ልጁን እየጠበቁ ልጁ ሳይመጣ የቀረባቸው ሰዎች ግን፥ ያ የመጠበቅ ዘመን ምን ዐይነት እንደ ሆነ፥ በዚያም ዘመን ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው እንዴት መያዝ እንደሚገባቸው የሚነግራቸው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አልነበራቸውም። የደረሰባቸውም ሰዎች ቢሆኑ አፍረው ዝም ይላሉ እንጂ አይናገሩም።

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የምንተርከው፥ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ይኖሩ ስለ ነበሩት ስለ ወይዘሮ ሌስሊ ብራውንና ስለ ባለቤታቸው ስለ አቶ ጆን ብራውን ነው። እነዚህ ባልና ሚስት ሊቃውንት አይደሉም። ባልየው የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆነው የጭነት መኪና ይነዱ ነበር፤ ሚስቲቱም በፋብሪካ ውስጥ አይብ እየጠቀለሉ ደመወዝ ያገኙ ነበር። ዳሩ ግን በ1979 ታሪካቸውን በመጽሐፍ ባሳተሙ ጊዜ፥ ከእነርሱ በፊት ማንም ወላጅ ሊጽፈው ያልቻለውን ነገር ለሕዝብ ገለጡ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ‹‹በእኛ አቈጣጠር›› ካልተባለ በቀር ዓመቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

ወይዘሮ ሌስሊ የተወለዱት በ1947 ነው። የልጅነት ዘመናቸው የተደላደለ አልነበረም። አቶ ጆንን ያገኟቸው የ16 ዓመት ልጅ ሳሉ ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ ሁለቱም ገንዘብ የሌላቸው ስለ ነበሩ አንድ ሰሞን ማደሪያ አጥተው በቆመ የባቡር ፉርጎ ውስጥ እስከ ማደር ደርሰው ነበር። ይህን መናገራችን ለማዋረድ አይደለም፤ በኋላ ጊዜ ዓለም ሁሉ ፎቶግራፋቸውን ለማየት የተሻማባቸው ሰዎች ከምን ኑሮ እንደ ተነሡ ለማስታወቅ ነው። በ1969 ተጋቡ፤ ቤትም ያዙ፤ ሥራም ተገኘላቸው። የቀራቸው ልጅ ብቻ ነበር።

አቶ ጆን ከቀድሞ ሚስታቸው ልጅ ነበራቸውና የእንጀራ እናትነት ለወይዘሮ ሌስሊ እንግዳ ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ ከራሳቸው አብራክ ልጅ ለማየት የነበራቸው ናፍቆት ከዓመት ወደ ዓመት እየበረታ ሄደ እንጂ አልቀነሰም። በመጨረሻ ሐኪም ሲመረምራቸው፥ እንቍላል ወደ ማሕፀን የሚያልፍባቸው ሁለቱ ቧንቧዎች የተደፈኑ መሆናቸው ታወቀ። ለመክፈት የተደረገውም ቀዶ ሕክምና አልረዳቸውም። ከዚህ በኋላ ወይዘሮ ሌስሊ በብርቱ ትካዜ ላይ ወደቁ። ኀዘኑም እየጸና ስለ ሄደ አንድ ቀን ባላቸውን፥ ‹‹እኔን ትተህ እንደ ሰው የምትወልድ ሚስት ፈልግ›› እስከ ማለት ደረሱ። ባልየው ግን እሺ አላሉም።

በዚህ ቦታ ጥቂት ቆም ብለን ብናስብ አንባቢዎቻችን የሚቀየሙን አይመስለንም። በእኛ አገር ሙሽሮች በሚመረቁበት ጊዜ ሽማግሎች ‹‹ውለዱ፥ ክበዱ›› ይላሉ። ምርቃቱ መልካም ነው። ዳሩ ግን ያ ምርቃት ሳይደርስ ሲቀር፥ ሦስት አራት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ ‹‹ምነው ዝም አላችሁ?›› የሚለው የዘመድ ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄውም ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ለሚስት ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረት እስከ መካፈል የተደረሰበት ቤትም ጥቂት አይደለም። የሐኪሞች ጥበብ ግን ለመፅነስ አለመቻል ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ ከሴቲቱ፥ አንዳንድ ጊዜ ከወንዱ፥ አንዳንድ ጊዜም ከሁለቱ እንደሚመጣ፥ ደግሞም ተመርምሮ ምክንያቱ የማይገኝበት ጊዜ እንዳለ አስረድቷል። ስለዚህ ሚስቱን ከመውቀሱ በፊት ራሱን ያላስመረመረ ባል፥ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ እንደሚፈርድ ዳኛ ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በተፈጥሮ ሥርዓት የሴት እንቍላል በየወሩ ከመፍለቂያው ወጥቶ በቀጭኑ ቧንቧ በኩል ሲያልፍ ከወንድ ዘር ጋራ እዚያው ቧንቧው ውስጥ ይገናኛል፤ ከዚያም ጽንሱ ወደ ማሕፀን ወርዶ ይተከላል። ቧንቧው ከተደፈነ መገናኛው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። እንግዲህ ሊቃውንቱ ያሰቡት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም እንቍላሉን ከሆድ ውስጥ አውጥቶ፥ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከወንዱ ዘር ጋራ አገናኝቶ፥ ጽንስ መሆን ሲጀምር በማሕፀን ውስጥ መልሶ ማስቀመጥ ነው። ጋዜጦች በኋላ ‹‹የብልቃጥ ሕፃን›› እያሉ ቢጠሩትም ሕፃን በብልቃጥ ውስጥ ያደገበት ጊዜ የለም። በብርጭቆው ዕቃ ውስጥ የሚቈየው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ዘጠኙን ወር የሚሸከሙት እናቲቱ ናቸው።

ይህን ሥራ በእንግሊዝ አገር የጀመሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሮበርት ኤድዋርድስ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ሊቅ ነበሩ። ፓትሪክ ስቴፕቶ በኦልድሃም ከተማ የማሕፀን ሐኪም ሲሆኑ፥ በእንብርት አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው መብራት ባለው ቀጭን መሣሪያ የሆድን ውስጥ የሚያዩበትን ጥበብ በአገራቸው ያስለመዱ ሰው ናቸው። ሦስተኛዋ ዣን ፐርዲ በነርስነት ተምራ በላቦራቶር የምትሠራ ወጣት ነበረች። የሁለቱ ወንዶች ስም በዓለም ሲነገር የእርስዋ ስም ለብዙ ዓመት ተረስቶ ቈየ፤ በ1985 በ39 ዓመት ዕድሜዋ ሞተች። ሥራው ግን ያለ እርስዋ ባልተፈጸመም ነበር።

ሦስቱ ከ1968 ጀምሮ ሲደክሙ መንግሥታዊው የሕክምና ምርምር ጉባኤ በ1971 የገንዘብ እርዳታ ከለከላቸው። ከምክንያቶቹም አንዱ ሥራው ለሚወለዱት ልጆች ጤና አደጋ ያመጣ እንደ ሆነ ነው የሚል ፍርሃት ነበር። ስለዚህ ባለጠጎች በሰጡት ገንዘብ እየተረዱ ሠሩ። ኤድዋርድስና ፐርዲም አንዲት ሴት እንቍላልዋ የሚወጣበት ሰዓት ደረሰ በተባለ ቁጥር፥ ሌሊትም ቢሆን ከካምብሪጅ እስከ ኦልድሃም ብዙ ሰዓት በመኪና ይጓዙ ነበር።

ወይዘሮ ሌስሊ ወደ ፓትሪክ ስቴፕቶ የተላኩት በ1976 ነው። ለሕክምናው ገንዘብ ያስፈልግ ነበርና፥ አቶ ጆን በእግር ኳስ ዕጣ 800 ፓውንድ አግኝተው ስለ ነበር ያ ገንዘብ ረዳቸው። አንባቢውን የሚያስደንቅ አንድ ነገር አለ። ወይዘሮ ሌስሊ በኋላ እንደ ተናገሩት፥ ሐኪሙ ይህ ዘዴ ከዚህ በፊት ልጅ አስገኝቶ ያውቃል ብለው እንደ ነገሯቸው አያስታውሱም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም። እንዲያው በልባቸው በዚህ ዐይነት በመቶ የሚቈጠሩ ልጆች የተወለዱ ይመስላቸው ነበር። በእርግጥ ግን እስከዚያን ቀን ድረስ አንድም አልተወለደም። ሐኪሙ ይህን አስቀድመው አፍታትተው ቢነግሯቸው በተሻለ ነበር ብለን እናምናለን፤ ምናልባት ወይዘሮ ሌስሊ ይህን ቢያውቁም ከመንገዳቸው አይመለሱም ነበር።

ቀደም ሲል ሐኪሞቹ ብዙ እንቍላል በአንድ ጊዜ ለማግኘት መድኃኒት ይሰጡ ነበር፤ ነገር ግን አልሆነላቸውም። ለወይዘሮ ሌስሊ ግን መድኃኒቱን ትተው በተፈጥሮ የምትመጣውን አንዲቱን እንቍላል ጠበቁ። ኅዳር 1 ቀን 1970 በእኛ አቈጣጠር እንቍላሏን አወጡ። ከሁለት ቀን በኋላም፥ አንዲቱ ስምንት ሆና ተከፍላ፥ በማሕፀን ውስጥ አስቀመጧት። ስትከፈል በመጀመሪያ በማጕሊያ መነጽር ያየችው ዣን ፐርዲ ነበረች ይባላል። ልብ ላለው አንባቢ የሚገርመው፥ ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኛ አቈጣጠር በአንዱ በ1970 ዓመት ውስጥ መፈጸሙ ነው።

የመፅነሳቸው ወሬ በተሰማ ጊዜ የጋዜጣ ሰዎች ብሪስቶልንና ኦልድሃምን ወረሩ። ወይዘሮ ሌስሊ በተፈጥሮአቸው ዝምተኛና ዐይነ አፋር ነበሩ፤ ስለዚህ በሆስፒታሉ ውስጥ በሌላ ስም ተመዝግበው እንዲተኙ ተደረገ። ከጋዜጠኞቹም አንዳንዶቹ የቧንቧ ሠራተኛና የመስኮት ወልዋይ መስለው ሊገቡ ሞከሩ። አንድ ጊዜም ቦምብ ተጠምዷል የሚል የሐሰት ወሬ ተነሥቶ ሆስፒታሉን አሸበረ። በዚህ ላይ ወይዘሮ ሌስሊ የእርጉዞች የደም ግፊት ታመሙ፤ ሐኪሞቹም እስከ ቀናቸው ለመጠበቅ አልደፈሩም። ስለዚህ ሐምሌ 18 ቀን 1970 በእኛ አቈጣጠር፥ ከሌሊቱ በ5 ሰዓት ከ47 ደቂቃ፥ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ተወለደች። ክብደቷ 2 ኪሎ ተኩል አለፍ ያለ ነበር። ለእውነቱ ምስክር ይሆን ዘንድ አወላለዱ በሲኒማ ፊልም ተነሣ። ስሟ ሉዊዝ ተባለ፤ ሐኪሞቹም ሁለተኛ ስም ጨመሩላት፤ ትርጓሜው በአማርኛ ‹‹ደስታ›› ማለት ነው።

አቶ ጆንና ወይዘሮ ሌስሊ ታሪካቸውን ዴይሊ ሜይል ለተባለው ጋዜጣ በብዙ ገንዘብ ሸጡ። ስለዚህ ነገር የነቀፏቸው ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም የሚነቅፉ አይጠፉም። እኛ ግን ነቀፋው ከባድ አይመስለንም። ወሬው ተሸጠም አልተሸጠ የሚወጣ ነበርና፥ የጭነት መኪና ነጂ ለልጁ የሚሆን ጥሪት ከዚሁ ቢያገኝ ምን ክፋት አለው? ጋዜጣው ብቻውን የገዛው መሆኑም ከሌሎቹ መቶ ጋዜጠኞች ጥቂት እንደ መሸሸጊያ ሆናቸው።

ልጅቱን ይዘው ወደ ብሪስቶል በተመለሱ ጊዜ ደብዳቤ ይጐርፍላቸው ጀመር። ከደብዳቤዎቹ ጥቂቶቹ የሚያስጸይፉ ነበሩ። ከአሜሪካ ከሳን ፍራንሲስኮ የተላከ አንድ ጥቅል ደም የመሰለ ቀይ ነገር የተረጨበት ሆኖ፥ በውስጡ የተሰበረ የብርጭቆ ብልቃጥና ከፕላስቲክ የተሠራ የጽንስ ምስል ነበረበት። ይህን የከፈተች የሕፃን እናት ምን እንደ ተሰማት እናቶች ይወቁት። ጕዳዩ በካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ሆኖም በዚያን ጊዜ የቬኒስ ፓትርያርክ የነበሩት፥ ጥቂት ቈይተውም ቀዳማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ ተብለው ለሮማ ሊቀ ጳጳስነት የተመረጡት ካርዲናል ሉቺያኒ፥ ለሕፃኒቱ መልካም ምኞታቸውን ገልጠው፥ ወላጆቿን ለመኰነን መብት የለኝም ብለው ተናገሩ።

የበዙት ደብዳቤዎች ግን ከሌሎች ሴቶች የመጡ ነበሩ። ልጅ ያልወለዱ፥ ወይም ፀንሰው የጠፋባቸው፥ ስማቸውን የማያውቋቸው ሴቶች ከየአገሩ ለወይዘሮ ሌስሊ ይጽፉ ነበር። ለጐረቤታቸው ያልነገሩትን፥ አንዳንዶቹም ምናልባት ለባላቸው ያልነገሩትን፥ በብሪስቶል ለምትኖር አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ጻፉላት። ይህ ነገር ለማስተዋል የሚገባ ነው። ሐኪሞቹ ዝነኞች ነበሩ፤ ሴቶቹ ግን የመረጡት ያንኑ ኀዘን ያየችውን ሴት ነው።

በ1979 ባልና ሚስቱ ከአንዲት ጋዜጠኛ ጋራ ሆነው መጽሐፋቸውን አሳተሙ። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ ‹‹ሉዊዝ የተባለችው ተአምራችን፤ የወላጆች ታሪክ›› ማለት ነው። መጽሐፉ የሐኪም መጽሐፍ አይደለም፤ ወላጆች እንዲህ አድርጉ እንዲያም አታድርጉ እያለ የሚያዝዝም አይደለም። ከድህነት ስለ መነሣት፥ በየወሩ ተስፋ አድርጎ በየወሩ ስለ ማጣት፥ ሚስት ባልዋን ሂድ ስለ ማለቷ፥ ባልም ስለ አለመሄዱ የሚናገር ነው። በተለይ የባል ቃል አብሮ መግባቱ መጽሐፉን ዋጋ ይሰጠዋል። ስለ መካንነት ሲነገር የሚስት ልቅሶ ይተረካልና፤ ባል ግን በሥራው ላይ ሆኖ፥ በጓደኞቹ መካከል ተቀምጦ የሚሰማውን ማን ይጠይቀዋል?

ዐይነ አፋር የነበሩት እመቤት ስለምን አደባባይ ወጡ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ወይዘሮ ሌስሊ እስከ ዕድሜአቸው መጨረሻ ድረስ ዝና የሚፈልጉ ሰው አልነበሩም። ልጃቸውን ይዘው ወደ አሜሪካና ወደ ጃፓን በተጠሩ ጊዜ ሄዱ፤ ተጠይቀው መለሱ፤ ከዚያም ወደ ቤታቸው ተመልሰው ልጅ ማሳደጋቸውን ቀጠሉ። የደረሰባቸውን መናገራቸው እንደ ሥራ ወይም እንደ ሹመት አልነበረም፤ ሴቶቹ ስለ ጠየቋቸው ብቻ የመለሱት መልስ ነበር።

ልጅቱን በማሳደግ ረገድ ያደረጉት አንድ ነገር ግን በዚህ ገጽ በሰፊው ሊነገር የሚገባው ነው። ሉዊዝ አራት ዓመት ሲሆናት፥ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት፥ ወላጆቿ አስቀምጠው የተወለደችበትን ፊልም አሳዩዋት፤ እንዴት እንደ ተገኘችም ለዕድሜዋ በሚስማማ ቃል ነገሯት። ሊደብቁ ቢፈልጉ እንኳ አይቻላቸውም ነበር ይባል ይሆናል፤ ዓለም ሁሉ ያውቃልና። እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ ወላጆች መደበቅ በማይቻልበት ነገር ላይም ሲደብቁ እናያለን። በትምህርት ቤትም የተፈራው አልቀረም፤ ልጆቹ በብልቃጥ ውስጥ እንዴት ልትገቢ ቻልሽ እያሉ ይጠይቋት ነበር። እርስዋ ግን ነገሩን ከእናትና ከአባቷ አስቀድማ ስለ ሰማች እንደ አዲስ ወሬ አልመታትም።

በአገራችን በማደጎ ወይም በጡት ልጅነት ያደጉ ልጆች ትውልዳቸውን ከጐረቤት፥ ከአሽከር ወይም በጨዋታ መካከል ከተጣላ ጓደኛ አፍ ሲሰሙ ስንት ጊዜ ታይቷል! ያሳደጓቸው ሰዎች የሚደብቁት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ልጁ እንዳይርቃቸው ይፈራሉ። ሆኖም ልጁ በኋላ የሚያዝነው በእንግዳ ማኅፀን መወለዱን በማወቁ ሳይሆን፥ በቤቱ ያሉት ሁሉ እያወቁ እርሱ ብቻ ሳያውቅ መኖሩን በማወቁ ነው። በአራት ዓመቱ የተነገረው ልጅ ያን ቀን አንድ ተረት የሰማ ያህል ሰምቶ ወደ ጨዋታው ይሄዳል፤ በሀያ ዓመቱ የተነገረው ግን ያለፈውን ኑሮውን ሁሉ እንደገና ለመቍጠር ይገደዳል።

በ1982 ሁለተኛዋ ልጅ ናታሊ በዚሁ ዘዴ ተወለደች። ስለዚህ ሉዊዝ በቤቷ ውስጥ እንደ እርስዋ የሆነች እኅት አገኘች፤ ወላጆቿም ስለ እርስዋ የተማሩትን ለሁለተኛዪቱ ያለ ፍርሃት ተጠቀሙበት።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ልጅ ስላገኙት ሰዎች ነው። ነገር ግን የወይዘሮ ሌስሊን ደስታ ብቻ ተርኮ መዝጋት እውነቱን ግማሽ ማድረግ ነው። ከ1969 እስከ 1978 ድረስ በኦልድሃም ለዚህ ሕክምና የቀረቡት ሴቶች 282 ነበሩ፤ እንቍላል ለማውጣትም 457 ጊዜ ተሞክሯል። ከእነዚህ ሁሉ የፀነሱት አምስት ብቻ ናቸው። አንደኛው ጽንስ በ1976 ከማሕፀን ውጭ ስለ ተተከለ መወገድ ነበረበት፤ ሌሎች ሁለት ሳይወለዱ ወረዱ፤ በሕይወት የተወለዱት ሉዊዝና በጥር 1979 በግላስጎ የተወለደ አንድ ወንድ ልጅ ናቸው። ከ282 እናቶች ሁለት!

የቀሩት 280 ሴቶች ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አብዛኞቹ ስማቸው አይታወቅም፤ መጽሐፍም አልጻፉም፤ ጋዜጣም አልፈለጋቸውም። ሆኖም ሐኪሞቹ ከእያንዳንዷ ሴት ውድቀት አንድ ነገር ተምረዋል፤ መድኃኒቱን መተው እንደሚሻል ያወቁት፥ እንቍላሉ የሚወጣበትን ሰዓት መጠበቅ የተማሩት በእነዚህ ሴቶች ሰውነት ላይ ነው። ወይዘሮ ሌስሊ ልጃቸውን ያቀፉት በእነርሱ ድካም ላይ ቆመው ነው ብንል አልተሳሳትንም። ፀንሰው ከጠፋባቸው ሦስቱ መካከል አንዲቱ የወራት ዕድሜ የነበረውን ጽንስ ያጡ ናቸው፤ ለእንዲህ ያለው ኀዘን በእኛ አገር የተለመደ የለቅሶ ሥርዓት የለውም። ድንኳን አይተከልለትም፤ ሰው አይሰበሰብለትም፤ ሴቲቱን ‹‹ገና ልጅ ነሽ፥ ሌላ ትወልጃለሽ›› ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ይህ ቃል ለማጽናናት የሚነገር ቢሆንም ያጽናናት ሴት እስካሁን አላየንም። ከዚህ ይልቅ ምንም ሳይናገሩ አብሮ መቀመጥ፥ ወይም የሄደውን ልጅ እንደ ልጅ ቈጥሮ ‹‹እግዜር ያጽናሽ›› ማለት ይሻላል።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዘዴው እጅግ ተሻሽሏል። በዚህ መንገድ የተወለዱት ልጆች በዓለም ሁሉ ከ10 ሚሊዮን በላይ እንደ ሆኑ ይገመታል። ሮበርት ኤድዋርድስም በ2010 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ ስቴፕቶ በ1988፥ ፐርዲም ከዚያ በፊት ሞተው ስለ ነበር፥ ሽልማቱም ለሙታን ስለማይሰጥ፥ ሁለቱ አልተካፈሉትም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መግለጫ፥ ከስድስት ጐልማሶች አንዱ በዕድሜው ውስጥ የመፅነስ ችግር እንደሚያገኘው አስታውቋል። ችግር አለ የሚባለውም ባልና ሚስት ያለ መከላከያ 12 ወር አብረው ኖረው ሳይፀነስ ሲቀር ነው። ስለዚህ አሥር ዓመት ከመጠበቅ፥ በዓመቱ ሁለቱም አብረው ወደ ሐኪም መሄድ ይሻላል፤ የሴት ዕድሜ ከ35 ዓመት እያለፈ በሄደ መጠን የሕክምናው ተስፋ ይቀንሳልና።

በኢትዮጵያም ብዙ ዓመት እንዲህ ያለውን ሕክምና የሚሹ ባልና ሚስት፥ ገንዘብ ያላቸው ወደ ውጭ አገር ይሄዱ፥ የሌላቸውም በጠበልና በተስፋ ይቀመጡ ነበር። በ2011 በእኛ አቈጣጠር ግን በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህን ሕክምና የሚሰጥ የመንግሥት ክፍል ተከፈተ። በቅርብ መገኘቱ ታላቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ወደዚያ የሚሄዱ ሁሉ አስቀድመው የ282ቱን ሴቶች ታሪክ ቢያውቁ ይበጃቸዋል፤ ዛሬ ተስፋው ከዚያን ጊዜ ብዙ እጥፍ የበለጠ ቢሆንም፥ በአንድ ሙከራ ሳይሆንላቸው የሚመለሱት አሁንም ይበዛሉ። ሐኪሙም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግልጥ አድርጎ መናገር አለበት። ወይዘሮ ሌስሊ ሳይጠይቁ ገቡ፤ የዛሬዎቹ ባልና ሚስት ግን ቢጠይቁ ነውር የለበትም።

የብራውን ቤተ ሰብ ልጆች አድገው ለወግ በቁ። ሐኪሞቹ ሁሉ ሲጠይቁት የነበረው ነገር፥ በዚህ ዐይነት የተወለደች ሴት ራስዋ ልትወልድ ትችላለች ወይ የሚለው ነበር። ናታሊ በ1999 በተፈጥሮ መንገድ ፀንሳ በወለደች ጊዜ መልሱ ታወቀ። ሉዊዝም በ2004 ስታገባ ኤድዋርድስ በሠርግዋ ላይ ተገኝተው ነበር፤ በታኅሣሥ 2006 በእኛ አቈጣጠር 1999 ወንድ ልጅ ወለደች፤ እርስዋም ያለ ሐኪም እርዳታ የፀነሰችው ነው። በ2015 ደግሞ የራስዋን ታሪክ ጽፋ አሳተመች። እናቷ የጀመሩትን ታሪክ ልጅቱ ከልጅ ወገን ሆና ጻፈችው ማለት ነው።

ወይዘሮ ሌስሊ የልጅ ልጆቻቸውን አይተው፥ ባለቤታቸውን አስቀድመው ቀብረው፥ በ2012 በ64 ዓመት ዕድሜአቸው በብሪስቶል ዐረፉ። ከየአገሩ የመጡላቸውን ደብዳቤዎች፥ ክፉውንም ደጉንም ሳይጥሉ አኑረዋቸው ነበርና፥ ዛሬ በብሪስቶል ከተማ መዝገብ ቤት ውስጥ ይገኛሉ።